ከተማው ወንዝ የገባ ዕለት

የቅየሳ ቢሮ ባልደረቦቿ «ሜትር» ይሏታል። ስሙ የወጣላት አዲስ ተቀጣሪ ሳለች ነው፤ የቢሮውን በር በስንዝሯ ለክታ «ይሄ ጠረጴዛ አያልፍም» ብትል የሰማት አልነበረም፤ አራት ወንዶች ግማሽ ቀን ታግለው ጠረጴዛውን እግሩን ነቅለው አስገቡት። ከዚያ ወዲህ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ በእግሯ ያልረገጠችው የከተማው ጥግ የለም።

ጡረታ ልትወጣ ስምንት ወር ሲቀራት ኃላፊዋ ጠራት። ቢሮው የቅየሳ መረጃውን ለክፍት ካርታ ሊሰጥ ወስኗል፤ ማንም በስልኩ ከፍቶ የሚያየው፣ ስህተት ካገኘም ራሱ የሚያርመው ካርታ ነው።

«ፈቃዱ በደብዳቤ ወጥቷል» አላት። «መረጃውን ካንቺ በላይ የሚያውቀው የለም። ለኮምፒውተሩ ሥራ ደግሞ አንዲት ባለሙያ ተወዳድራ አልፋለች።»

ባለሙያዋ ማን ሆና ብትገኝ ጥሩ ነው? የገዛ እህቷ ልጅ። ለአክስቷ ትንፍሽ ሳትል ነው የተወዳደረችው።

ሁለቱ መስኮት አጠገብ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ፋይሎቹ በቁጥር የተሞሉ ነበሩ።

«አክስቴ፣ ሦስት ቁጥር ምንድን ነው?»

«የጠጠር መንገድ።»

«ሠላሳ ሦስትስ?»

«የጠጠር መንገድ ሆኖ ዝናብ ሲጥል መኪና የማያሳልፍ።»

«ይሄ የት ተጽፏል?»

ሜትር በጣቷ ግንባሯን ነካ ነካ አደረገች። ልጅቷ ሳቀችና መጻፍ ጀመረች። ቁጥሩን ሁሉ ክፍት ካርታው በሚያውቀው ስም እየተኩ ሦስት ሳምንት ሠሩ።

በአራተኛው ሳምንት መረጃውን ከሳተላይት ፎቶ ላይ አሳረፉት። ከተማው ተንሸራቶ ቁጭ አለ። ዳቦ ቤቱ ኳስ ሜዳ ላይ ወጥቷል፤ የእሳት አደጋ ጣቢያው ወንዙ መሃል ገብቷል።

«ውሃ እንኳ አልራቀውም» አለች ልጅቷ። ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ምናልባት የድሮው ልኬት...» ብላ ተወችው።

«ምናልባት ምን?»

ልጅቷ ፊቷን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰች። ሜትር ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ያን ሁሉ ዓመት በፀሐይና በጭቃ የለካችው ከንቱ ነበር የተባለች መሰላት።

ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ፊቷን አይቶ ምን እንደገጠማት ጠየቃት፤ ነገረችው።

«ቤቶቹ ሲንሸራተቱ እርስ በርሳቸው ተራራቁ?» አላት።

«ኧረ አልተራራቁም። ሁሉም እንደነበሩ አብረው ነው የሄዱት።»

«እንዲያ ከሆነማ ተሳፋሪው በየወንበሩ አለ። አውቶቡሱ ነው ሌላ ፌርማታ የቆመው።»

ሜትር ትክ ብላ አየችው። ንዴት ጋርዷት እንጂ የምታውቀው ነገር ነበር። የድሮው ቅየሳ የተነሣው ከራሱ መነሻ ነጥብ ነው፤ ሳተላይቱ ደግሞ ከሌላ ይነሣል። የሁለቱን ልዩነት ለማግኘት ያኔ ለልኬት ምልክት የተተከሉትን ሦስት የቅየሳ ድንጋዮች ሄዶ እንደገና መለካት ነው።

በማግስቱ አክስትና የእህት ልጅ የሳተላይት መለኪያውን ይዘው ወጡ። ከድንጋዮቹ ሁለቱን ሳይቸገሩ አገኙ። ሦስተኛው ግን አንድ ልብስ ሰፊ ሽማግሌ ግቢ ውስጥ፣ የዶሮ ቤት ሥር ነበር።

ሰውየው መለኪያውን ሲያዩ በሩ ላይ ተገተሩ። «መሬቴን ልትቆርሱ ነው?»

«ኧረ በጭራሽ አባባ» አለች ሜትር። «አንድ ድንጋይ ነበረችኝ፤ ደህንነቷን ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

«መስቀለኛ ጭረት ያለባት?»

«እሷው ናት።»

«ዶሮዎቼ ከሷ ላይ ካልሆነ እንቁላል አይጥሉም» አሉና ገለል አሉላቸው። ሜትር በጉልበቷ ተንበርክካ ጭድና ኩስ ጠረገች። ድንጋይዋ ንቅንቅ አላለችም። አንዲት ቀይ ዶሮ ልኬቱ እስኪያልቅ ስትቆጣቸው ቆየች።

ከሰዓት በኋላ ቢሮ ገብተው ልዩነቱን አሰሉ። በሦስቱም ድንጋዮች ያው ነው። ልጅቷ ቁጥሩን አስገብታ ቁልፉን ስትጫን ከተማው ተነሥቶ እያንዳንዱ ጣሪያ ቦታው ላይ ዐረፈ። የእሳት አደጋ ጣቢያውም ከወንዙ ወጣ።

«ይቅርታ አክስቴ» አለች ልጅቷ።

«እኔም ጥዬሽ መሄድ አልነበረብኝም» አለች ሜትር፤ ትከሻዋንም አቀፈቻት።

ካርታው በወጣ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሜትር ቁርስ ላይ ስልኳን ከፍታ የራሷን ሰፈር ስታይ አንድ የማታውቀው ሰው አርሟት አገኘች። ከቤታቸው ጀርባ ያለችው መተላለፊያ «በግንብ ተዘግታለች» ብሎ ቆርጧታል።

«እኔን?» አለች። «በገዛ ሰፈሬ?»

ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ወጣች፤ ባሏም የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ተከተላት። መተላለፊያዋ ጫፍ ሲደርሱ አዲስ ግንብ ተገትሯል፤ ሲሚንቶው ገና በቅጡ አልደረቀም።

«ልክ ነው ሰውየው» አለች፤ ሳቋም መጣ። ግንቡ ሥር ቆማ ስልኳን አወጣችና ለማታውቀው አራሚ «አመሰግናለሁ፣ ሄጄ አየሁት» ብላ ጻፈችለት። ከዚያ ባሏን በሌላው መንገድ ዞረው እንዲመለሱ ጠየቀችው፤ ሌላም የተለወጠ ነገር ካለ ልታይ።