መሪውን ለጌታ የለቀቀው ሹፌር

የተከበራችሁ ወዳጆቼ፣ በታላቅ ትሕትና አንድ ትንሽ ኃጢአት ልናዘዝ ነው፦ አጎቴን ጋሼ ታደሰን ሳላስፈቅድ በቪዲዮ ቀርጫቸዋለሁ።

ጋሼ እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግ ከተማ፣ ራሱን የሚነዳ መኪና ይፈትናሉ። መሪው ጋ ተቀምጠው መንገዱን ይከታተላሉ፤ ሚኒባስ ታክሲ ድንገት ሲገባበትና መኪናው ግራ ሲጋባ ቶሎ ይረከቡታል።

ዛሬ ጠዋት ሰፈራችን ኮዝሞ ሲቲ፣ ሱቃችን በር ላይ፣ ከመነሳታቸው በፊት እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ጸለዩ። የጋሼ ጸሎት አጭር አይደለም፤ አራቱን ጎማ በየተራ ይባርካሉ።

"ጋሼ፣ መኪናው ራሱ ይነዳ የለ? ምን ያስጨንቅዎታል?" አልኳቸው።

"የሠራው ልጅ የጆበርግን ታክሲ አያውቅማ!" አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ቪዲዮውን "መሪውን ለጌታ የለቀቀው ሹፌር" ብዬ ለጠፍኩት። መኪናው መቆሙ አይታይም። ሳቃችሁ፣ አጋራችሁት፣ እኔም ኮራሁ።

ከሰዓት አለቃቸው አየው። መኪናው እየሄደ ዓይናቸውን የጨፈኑ መስሎት ከሥራ አገዳቸው፤ ነገ ቢሮ ጠርቷቸዋል።

ጋሼ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የሥራ ሸሚዛቸውን ሳያወልቁ ሱቁ ውስጥ የዳቦ ሳጥን ላይ ተቀምጠዋል።

ስለዚህ ያንን ያጋራችሁ ሁሉ ይህንንም አጋሩልኝ፦ መኪናው ቆሞ ነበር፣ ሞተሩም አልተነሳም። ጥፋቱ የእኔ ነው።

እናንተስ በቀልድ የሰው እንጀራ ነክታችሁ ታውቃላችሁ? በምን ካሳችሁ? እባካችሁ ቶሎ ጻፉልኝ፣ ጋሼ ሳይ...

"ሳሮን! አሁንም እሱ ላይ ነሽ? ነይ፣ ለነገ እንጸልይ። ስልኩን ግን እዚያው ተዪው!" አሉ ጋሼ ከኋላዬ።