ፍልፈልና ኦክቶፐስ

እዚህ ፓርክላንድስ ሰፈር ያለችው የሞምባሳ ተወላጅ ጎረቤቴ እንደ እህት ናት። «ዳዳ» እያልን ነው የምንጠራራው፤ በስዋሂሊ እህት ማለት ነው። በፍልሰታ ጾም ቤቷ ጠራችኝ፤ እህል የምቀምስበትን ሰዓት ሳይቀር ጠብቃ። ድስቱን ስትከፍተው በኮኮናት ወተት የተሠራ ኦክቶፐስ ስምንት እግሩን ጠቅልሎ ተኝቷል።

«ሥጋ አትበዪም አይደል? ይሄ ቀይ ደም የለውም ብዬ ከጠዋት ጀምሮ ስቀቅል ዋልኩ።»

ደግነቷ አንጀቴን በላው። ቅር እንዳላሰኛት ፈራሁ፤ ግን ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር ፍጥረት እንኳን በጾም በፍስክም አልበላም።

«ዳዳ፣ አትቀየሚኝ፤ ለእኔ ይሄ እንደ ፍልፈል ነው» አልኳት።

«ፍልፈል!» አለች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «ያ ግቢያችንን የሚቆፍረው? አፈር ለአፈር የሚሄደውን፣ ቀን ከሌት ከሚታጠብ ጋር ታወዳድሪያለሽ?»

«እሱስ ጉድጓድ ውስጥ አይደል የሚኖረው?»

«ድንጋይ ሥር ነው። አጥማጆቹ ቤቱን የሚያውቁት በልቶ ደጁ ላይ በሚጥለው ዛጎል ነው።»

«እኛም ፍልፈልን የምናውቀው ደጁ ላይ በሚቆልለው አፈር ነው።»

በሹካ ያነሳችውን ቁራጭ አገላብጣ አየችውና መልሳ ድስቱ ውስጥ ከተተችው።

«አንቺ ሴት፣ ከልጅነቴ የበላሁትን አስጠላሽኝ!» ብላ ሳቋ አመለጣት። እኔም እፎይ አልኩ። ሩዝ በጎመን በልተን ተለያየን።

ባለፈው ረቡዕ ደወለችልኝ።

«ቦሎቄ ሠርቻለሁ፣ ነይ። ምን እንደሚመስል ግን እንዳትነግሪኝ።»