ዋልያዎቹ እስኪለያዩ

ዳባት፣ ሰኞ ንጋት

ወፍ ሳይንጫጫ ተነሣሁ። መቀነቴ ውስጥ ደብዳቤ ቋጥሬያለሁ፤ ባሌ ደሳለኝ ወደ ጎንደር ቢሮ መዛወሩን የሚናገር ነው። ስድስት ወር ደጅ ጠንቼ ያገኘሁት ነው። እስከ ሰኔ መጨረሻ ሥራ ካልጀመረ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። እሱ ግን በስሜን ተራሮች፣ ጊች ላይ የዋልያ ጠባቂ ነው፤ ጦርነቱ መንገዱን ከዘጋው ወዲህ ደብዳቤ አይመጣም፣ ሰውም አይወርድም። መኖሩን እንኳ የሚነግረኝ አጣሁ። ናፍቆት አያስቀምጥም፤ ትምህርት ቤቱን ፈቃድ ጠይቄ ተነሣሁ።

ሚያዝያን የመረጥኩት በምክንያት ነው። «ወንዶቹ ዋልያዎች ከሴቶቹ ጋር በሚቀላቀሉበት ወቅት ከገደሉ አፍ አልጠፋም» ይለኝ ነበር ደሳለኝ።

ደባርቅ፣ ሰኞ ረፋድ

ጨው በጫነ ፊያት መኪና ላይ አቧራ ለብሼ ገባሁ። ኬላው ላይ ታጣቂው የይለፍ ወረቀቴን አገላብጦ አየ።

«ጓድ መምህርት፣ ተራራው ላይ ምን አለሽ?»

«ባል።»

ሳቀና አሳለፈኝ። ገበያው ውስጥ አያ ሞገስ ከሚባሉ የጃናሞራ ሰው ጋር ተስማማሁ፤ በቅሎ አላቸው፣ መንገዱንም ያውቁታል።

ከሳንቃበር ወዲያ፣ ረቡዕ

ትናንት ሳንቃበር አደርን። ዛሬ ብርዱ ከንፈር ይሰነጥቃል። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሣር እየነጩ ዞር ብለው እንኳ አያዩንም። በሶ በጥብጠን ጠጣንና የጅንባርን ወንዝ ተሻግረን ዳገቱን ያዝን።

ከመንገዱ ዳር ክንድ የሚያህል የዋልያ ቀንድ አየሁ። ደስታዬን አልቻልኩም።

«አያ ሞገስ! ወንዶቹ እዚህ ነበሩ ማለት ነው። የዓምናውን ቀንዳቸውን ጥለው አዲስ ሊያበቅሉ!»

አያ ሞገስ በቅሎዋን አቆሙ። «ኧረ በሥላሴ! ማነው ደግሞ እንዲህ ያለሽ?»

የነገረኝ መጽሐፍ ነው። የቀዝቃዛ አገር አጋዘን በየዓመቱ ቀንዱን እንደሚጥል አንብቤ፣ ዋልያም እንዲሁ ነው ብዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ለተማሪዎቼ አስተምሬያለሁ። ባሌ የዋልያ ጠባቂ ሆኖ ሳለ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩትም።

«እቴ፣ ዋልያ አብሮት ያደገውን ቀንድ ጥሎ አይሄድም። የሚለየው ሲሞት ነው። እዪው፣ የራስ ቅሉ አጥንት አብሮት አለ፤ ቀዳዳውንም ተመልከቺ። ይኼ በጥይት የወደቀ ነው።»

ከበቅሎ ወረድኩ። ዋልያውን የገደለ ሰው ጠባቂውን ምን አድርጎት ይሆን? ይህን ጥያቄ ጮክ ብዬ ለመጠየቅ ፈራሁ። አያ ሞገስም በቅሎዋን ጎተቱ። የቀረውን ዳገት በእግሬ ወጣሁት።

ጊች፣ ረቡዕ ከሰዓት

የገብስ ማሳዎቹን አልፈን፣ በጅብራ ዛፎቹ መካከል ወደ ገደሉ አፍ ስንቃረብ ከታች ቀንድ ከቀንድ ሲላተም ተሰማ። ከድንጋይ ጀርባ አንድ ጢሙ የረዘመ፣ የከሳ ሰው በደረቱ ተኝቶ በሩቅ ማያ መነጽር ቁልቁል ያያል። ዞር ሲል ደሳለኝ ነው! ከስንት ወር በኋላ ባሌ ያለኝ የመጀመሪያ ቃል፦

«ዝቅ በይ!»

እያለቀስኩም እየሳቅኩም በሆዴ ተሳብኩ። አቀፈኝ። ጭስ ጭስ ይላል፤ ስናፍቀው የከረምኩት ሽታ ግን ከሥሩ አለ።

ቁልቁል አሳየኝ። ጥቋቁር፣ ጢማም ወንዶች አንገታቸውን ቀልሰው ሴቶቹን ይከተላሉ፤ ሴቶቹ ሣራቸውን ይግጣሉ።

ደብዳቤውን ሰጠሁት፤ ሁለቴ አነበበው። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ብርቄ፣ አሁን አልወርድም።»

«ምን አልከኝ?»

«በዚህ ወቅት የወንዱ ዓይን ሴቷ ላይ ነው፤ ጠመንጃ አያይም። ሜዳ ድረስ ተከትሏት ይወጣል። አንዱን በቀደም አዳኞች ገደሉብን። የቀረነው ሁለት ጠባቂዎች ነን። ዝናቡ ሲገባ ወንዶቹ ተለይተው ሰው የማይደርስበት ገደል ይገባሉ። ያን ቀን እወርዳለሁ።»

«ሰኔ ቢያልቅስ?»

መነጽሩን አንስቶ ወደ ገደሉ ተመለከተ።

«ለእነሱ ሁለት ወር፣ ለእኔ አንድ ሌሊት?» ብዬ ተቆጣሁ። እጄን ያዘኝ እንጂ አልተከራከረኝም። ማታ ጎጆው ውስጥ ቆሎ ስንቆረጥም ስለ ተማሪዎቼ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ጣሪያችን ጠየቀኝ። ደብዳቤውን ደረቱ ኪስ ውስጥ አደረገው። ጠዋት እስከ ወንዙ ሸኘኝና ተመለሰ፤ እኔም እስኪሰወር ድረስ ቆሜ አየሁት።

ዳባት፣ ቅዳሜ

ቤቴ ገባሁ። ሰኞ ክፍል ገብቼ የሳትኩትን ለተማሪዎቼ አርማለሁ።

ጎረቤቶቼ ባል በሰላም ከርሞ እንዲገባላቸው ይሳላሉ። እኔ ግን ከደጅ ቆሜ ወደ ስሜን የሚያዘነብለውን ደመና ሳይ የምለው ሌላ ነው። ባልና ሚስት እንዲለያዩ መለመን ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ አምላክ ይቅር ይበለኝ። ጌታዬ፣ ዘንድሮ ዝናቡን አስቀድመው፣ ወንዶቹንም ከሴቶቹ ቶሎ ለያቸው።