ሙግተኛው የንስሐ አባቴ

የንስሐ አባቴ የሙግተኛ ልጅ ነበሩ። አባታቸውም አያታቸውም በአንዲት ቁራጭ ርስት ሲካሰሱ ነው የኖሩት፤ አባትዮውማ ስንቃቸውን እንደ ተሸከሙ ደብረ ማርቆስ ችሎት ሲሄዱ መንገድ ላይ ነው የሞቱት። እሳቸው ቅስና ተቀብለው ከርስቱ ሙግት ወጡ እንጂ ሙግቱ ከሳቸው አልወጣም። ሲጸልዩ ያየ ሰው ዳኛ ፊት የቆሙ ይመስለዋል። ኩታቸውን አደግድገው፣ መቋሚያቸውን ወደ መቅደሱ እየቀሰሩ፣ "ይህንን ባለፈውም አመልክቻለሁ" ይላሉ። ዝናብ ከዘገየ ለእመቤታችን ይግባኝ ይላሉ። የአሽከር ልጅ የነበሩት ሌላው ቄሳችን ግን አንገታቸውን ደፍተው ደጅ ይጠኑ ነበር፤ ምንም አይጠይቁም፣ ቆመው መታየቱ ይበቃቸዋል። ሰው እግዚአብሔር ፊት የሚቀርበው ባደገበት ቤት ወግ ነው መሰለኝ።

ንስሐውም ያው ችሎት ነበር። ኃጢአትህን ስትነግራቸው፣ ሁለተኛውን ወገን ሳልሰማ አልፈታህም ይሉሃል። ቀኖና ከሰጡህ ደግሞ ለመፈጸምህ ዋስ ጥራ ይላሉ። በዚህ የተነሣ በኛ ደብር የሰው ኃጢአት ተደብቆ አያውቅም፤ ምን እንደ ሠራህ ሳይጠይቅ ማን ይዋስሃል?

እኔ ትዳር በያዝኩ በሁለተኛው ዓመት ከታላቅ ወንድሜ ማሳ አንድ ትልም ገፍቼ አረስኩ። ትልሙን መልስ፣ መቶ ስገድ ብለው ፈረዱብኝና ዋስ አሉ። ሚስቴ ዋስ ሆነች። ከዚያ ወዲያ ያየሁትን እኔ ነኝ የማውቀው። የጎደለው በሷ ላይ እንዳይመጣ መደብ ላይ ተቀምጣ ትቆጥራለች፤ ግንባሬ መሬት ካልነካ፣ ይህቺ አትገባም ብላ ታስደግመኛለች።

ጣሊያን አገሩን በያዘበት ዘመን በመጨረሻው ዓመት የአማኑኤል ከተማ ምሽግ ጣሊያናዊ ሹም፣ ቄሶች በቅዳሴ የሱን ንጉሥ ስም እንዲጠሩ አዘዘ። ያልጠራ ይሰቀላል ተባለ። የተሰቀለ ሰው አይተን ስለነበር ማስፈራሪያ ነው ያለ የለም። የንስሐ አባቴ እስሙ ላይ ሲደርሱ ሳል ይይዛቸው ጀመር። መጀመሪያ ሰሞን በሽታ መስሎን ሚስቴ ማር በዝንጅብል ይዛላቸው ሄዳለች። ሳሉ ግን ያቺን ቦታ ብቻ የሚጠብቅ ሆነና አንዱ ወሬኛ ለምሽጉ አደረሰው።

ወደ ምሽጉ ሲጠሩ እኔና አራት ሽማግሌዎች ተከተልን። ሹሙ በአስተርጓሚ፣ ስሙን ለምን እንደማይጠሩ ጠየቃቸው። ኩታቸውን አደገደጉ።

"ለማላውቀው ሰው ጠበቃ አልሆንም" አሉ። "ንስሐ አባቱ ማነው? ዋስስ አለው?"

አስተርጓሚው የአገራችን ሰው ነው፤ ከሳቸው ንግግር የረዘመ ነገር ለሹሙ ነገረው። በኋላ እንዳጫወተን፣ ስሙ ላፋቸው ከብዷቸው ነው፣ ለመልመድ ጊዜ ይሰጠኝ ይላሉ ነበር ያለው። ሹሙ የዐሥራ አምስት ቀን ቀጠሮ ሰጠ። በቀጠሮው ቀን እፊቱ ቆመው ስሙን ይጥሩ፤ እምቢ ካሉ እሳቸው፣ ከጠፉ ዋሳቸው ይሰቀላል አለ።

ዋስ ሲባል ሽማግሌዎቹን አየሁ። አራቱም መሬት መሬት ያያሉ። እኔም ላቀረቅር ነበር፣ ዘገየሁ። ቄሱ ዓይኔን ያዙት።

"ይኸው ዋሴ" አሉ።

አርበኞቹ፣ ጫካ ይግቡ፣ እኛ እንጠብቅዎታለን ብለው ላኩባቸው። መንደሩም ይሂዱ አላቸው። አንድ ጎረቤቴ ለኔ እያዘነ በሬዬን በዓይኑ ይመዝን ነበር። ሚስቴ ቤታቸው ሄዳ ይጠፉ እንደ ሆነ ቁርጡን ጠየቀቻቸው፤ ባባቴ ቤት ከቀጠሮ የቀረ ሰው የለም አሏት። እሷ ግን አላመነችም። ማለዳ ማለዳ እንስራዋን አዝላ በደጃቸው ታልፋለች፤ ምንጩ ያለው በሌላ በኩል ነው።

ቀጠሮው ሐሙስ ነበር። ረቡዕ ቤተ ክርስቲያን ስገባ ብቻቸውን ከመቅደሱ ትይዩ ቆመዋል። ድምፃቸው የወትሮው አልነበረም።

"ጌታዬ፣ ስሙን ብጠራ አንተ ፊት ዋሸሁ። ባልጠራ ተሰቀልኩ። ብጠፋ ዋሴ የሆነው ልጅ ይሰቀላል። የማውቀው ክርክር አለቀብኝ። ቀጠሮው ነገ ነው፤ አንተም እንዳትቀር።"

ኮቴዬን ሳላሰማ ወጣሁ።

ሐሙስ ማለዳ ተነሣን። የሁለት ቀን ስንቅ ይዘዋል። ሊሰቀል ለሚሄድ ሰው ስንቅ ምን ያደርግለታል ብላቸው፣ ሙግት መቼ በቀኑ ያልቃል አሉኝ።

አማኑኤል ስንደርስ ምሽጉ በር የለውም። በሩን አንድ ሰው ተሸክሞት ሲሄድ አገኘነው። አርበኞቹ አላስቀምጥ ስላሏቸው ሹሙና ወታደሩ ትናንት ጓዛቸውን ጭነው ደብረ ማርቆስ ገብተዋል፣ ቆርቆሮው ሳያልቅ ድረሱ አለን። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሳቄና እንባዬ አንድ ላይ መጣ።

ቄሱ ግን ቀኑ አልመሸም አሉ። ባዶው ግቢ መካከል አደግድገው ቆሙ። ሰው ሳንቃውንና ቆርቆሮውን ይዞ በግራ በቀኛቸው ያልፋል፤ አንዳንዱ መስቀል ተሳልሞ ወደ ነቀላው ይመለሳል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሦስት ሰው አስቆሙ። አንደኛው ያው ባለ በሩ ነው፤ ለሌላ በር ተመልሶ መጥቶ ነበር።

"እስኪመሽ ቆሜአለሁ፤ ባላጋራዬ ቀርቷል። ምስክር ሁኑኝ።"

"አባ፣ መጀመሪያ በሩን ላውርደው" አለ ሰውዬው። አወረደና መሰከረ።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ ሹሙ ቢኖር ኖሮ ምን ሊሉት ነበር ብዬ ጠየቅኋቸው።

"እኔ እንጃ ልጄ" አሉ። "እዚያ ስደርስ ይሰጠኛል ብዬ ነው የሄድኩት።"

አንገቴን ባልተሰጠ መልስ ላይ አስይዤ እንደ ከረምኩ ገና ያን ጊዜ ገባኝና መንገዱ መካከል ቆምኩ። እሳቸው የተፈረደለት ሰው አረማመድ ይዘው ቀድመውኝ ሄዱ።