በገል የተቆላ አፈር

አባቴ ጽሕፈት ያስተማረኝ ወንድ ልጅ ስላልነበረው ነው። ከተማሪዎቹ ጋር ንባቡንም ቅኔውንም ተምሬአለሁ፤ ሰው ፊት ግን ቃል አይወጣኝም ነበር። ስለዚህ ሥራዬ ቀለም ማዘጋጀት ሆነ። ጥቁሩን ከጥላሸትና ከተቆላ ገብስ፣ ቀዩን ደግሞ ነጋዴ ከባሕር በኩል ከሚያመጣው ዱቄት እበጠብጥ ነበር።

ከብቱ ባለቀበት ዓመት ነጋዴ ወደ አንኮበር መውጣት አቆመ። አባቴ በዚያን ጊዜ ለደብራችን አንድ መጽሐፍ እየጻፈ ነበርና የእመቤታችን ስም የሚመጣበት ቦታ ሁሉ ባዶ እየቀረ ሄደ። ስሟ በጥቁር አይጻፍም። በየምዕራፉ መጨረሻም ሌላ ባዶ ቦታ ነበር። እዚያ የሚገባው መጽሐፉን ያጻፈውና በሥራው የረዱት ሰዎች ስም ነው፤ በተነበበ ቁጥር በስማቸው በረከት ይለመንላቸዋል።

በአበባ ሞከርሁ፤ ሦስት ቀን ፀሐይ ሲያገኘው ደበዘዘ። ከአሮጌ ማረሻ ላይ ዝገት ፍቄ ፈጨሁ፤ ሻካራ ሆኖ ብዕሩን ዘጋው። ያን ጊዜ ነው ወደ ጎረቤላ በሚወስደው ቁልቁለት ብረት የሚያቀልጥ ባለ እጅ መኖሩ ትዝ ያለኝ። እሱ ባለበት እህል አይቀመስም፣ ዓይኑም አይታይም ይባል ነበር። ውኃ ልቀዳ ነው ብዬ ወረድሁ።

ሽማግሌ ነበር። በሬ ስላለቀ ማረሻ የሚያሠራው ሰው ጠፍቶ ወናፉ አቧራ ለብሷል። ሚስቱ በዚያው ክረምት ሞታበታለች። የመጣሁበትን በስንት ጭንቅ ስነግረው፣ «የደብተራ ልጅ እኔ ዘንድ? ቡዳው እንዳይበላሽ አልፈራሽም?» አለና ለብቻው ሳቀ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

ያሳየኝ ከምንጭ ዳር የሚቆፈር ቢጫ አፈር ነው። ገል ላይ አድርጎ በከሰል ቆላው። መጀመሪያ የዱባ መልክ ያዘ፤ ቀጥሎ ደም መሰለ፤ ወናፉን ሲያበዛበት ግን እንደ ጉበት ጠቆረ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እወርድ ጀመር። የትኛው አፈር በስንት የወናፍ ምት የትኛውን መልክ እንደያዘ ለማወቅ በየገሉ ጀርባ ጭረት እጭር ነበር። የተቆላውን ፈጭቼ በውኃ እመታለሁ፤ አሸዋው ሲዘቅጥ ላዩን ወደ ሌላ ዕቃ እገለብጣለሁ፤ ሲያድር ከሥር የሚተኛውን ደቃቅ በግራር ሙጫ እለውሳለሁ። በቁራጭ ብራና ጽፌበት አንድ ወር ሙሉ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ሎሚ ጨመቅሁበት። ንቅንቅ አላለም።

ቀለሙ ለምን እንደማይለቅ ሽማግሌውን ጠየቅሁት። «ብረት ውኃና ነፋስ ካገኘው ዝጎ ዝጎ አፈር ይሆናል። ይህ ግን ቀድሞም አፈር ነው፤ ከዚህ ወዲያ ምን ይሆናል?» አለኝ።

ለድካሙ ምን ላምጣ ስለው፣ «ለሚስቴ ፍትሐት አልተደረገላትም» አለ። «የክርስትና ስሟን ከሚነበቡት ጋር አስገቢልኝ። ሌላ አልፈልግም።»

እሺ አልሁ። ስሟንም ነገረኝ።

አባቴ ቀለሙን ሲያየው ከባሕር ከሚመጣው እንደሚበልጥ ተናገረና ከወዴት እንዳገኘሁት ጠየቀኝ። ከገበያ አልሁ። ያን ነጋዴ መረቀው። ያን ጊዜ እውነቱን መናገር ሲገባኝ፣ የእመቤታችን ስም አንዴ በብራናው ላይ ከተጻፈ በኋላ ይቀለኛል ብዬ አሰብሁ። ባዶው ቦታ ሁሉ በቀይ ሞላ። የሰዎቹ ስም ብቻ ሲቀር ቀለሙን ከማን እንዳገኘሁትና ሽማግሌው የለመነኝን እንደምንም ብዬ ነገርሁት።

ብዕሩን አስቀመጠ። ከጻፈው ስም በአንዱ ላይ ጣቱን አሳለፈ። ያ ሁሉ ቢፋቅ ብራናው ይበሳል፤ ሌላ ቀይም የለም። «ቀለሙ ይቆይ። የሴትዮዋ ስም ግን አይገባም» አለ።

«አባዬ፣ ብራናውን የሚፍቁበት ቢላ የማን እጅ ሥራ ነው?» አልሁት። እንዲያ መልሼለት አላውቅም ነበር።

«ለቢላ በረከት አይለመንለትም» አለኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ያጻፈውን መኰንን ስም፣ የራሱን፣ ለብራናው ፍየል የሰጠውን ሰው ስም በየምዕራፉ ጻፈ። ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚወሰድበት ዋዜማ መጽሐፉና እኔ ብቻችንን ቤት ዋልን። ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ ሁለት ጣት የሚያህል ቦታ ቀርቷል። ብዕሩን ቀዩ ውስጥ ነከርሁ። የሴትዮዋ ስም አራት ፊደል ነው። እጄ ያውቀዋል፤ ጽሕፈቴ ከአባቴ ጽሕፈት አይለይም። ማንም አልመጣም፣ ማንም አልጠራኝም። ቀለሙ ብዕሩ ላይ እስኪደርቅ ቆየሁና ጠርጌ አስቀመጥሁት።

መጽሐፉ በተነበበበት የመጀመሪያ እሑድ ሽማግሌው ነጠላውን አጥቦ መጣ። ከቅጥሩ ውጭ፣ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ቄሱ በየምዕራፉ መጨረሻ ስሞቹን ሲጠሩ እኔ ከሴቶቹ በኩል ሆኜ እሱን አየዋለሁ። የመኰንኑ ስም ሲጠራ ራሱን ቀና ያደርጋል፤ የባለ ፍየሉ ስም ሲያልፍ መልሶ ያቀረቅራል።

ሕዝቡ ሲበተን በአጠገቡ ማለፍ ነበረብኝ።

«ዛሬ እሷ ዘንድ አልደረሱም መሰለኝ» አለኝ ቀስ ብሎ። «መጽሐፉ ረጅም ነው።»

«አዎ፣ ረጅም ነው» አልሁት።

አመሰገነኝና ቁልቁለቱን ወረደ። በሚቀጥለውም እሑድ መጣ።