በአማት አፍ መታከም

ከዱራሜ ሱቄን ዘግቼ የተነሳሁት ለእህቴ ነው። ታናሼ አበበች ከባሏ ቤተሰብ ጋር ቡና ለቀማ ካፋ ወርዳለች፤ እርጉዝ ናት። «ደህና አይደለችም» የሚል ወሬ ደረሰኝ፤ ሌላ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም።

ጅማ አድሬ በማግስቱ የቦንጋ ሚኒባስ ያዝኩ። ረዳቱ ከታሪፍ በላይ ተቀብሎን በመሐል በርጩማ ደረደረ። ጎጀብን ተሻግረን ሽቅብ ስንወጣ ጫካው መንገዱን ግራና ቀኝ ያዘው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዓይኔ አይጠግበውም ነበር፤ ያን ቀን ግን አረንጓዴው ሁሉ አናደደኝ። ቦንጋ ላይ ቆጮ በጎመን ቀማምሼ ወደ ዋጫ ከተማ በሚሄድ መኪና፣ ከዚያ በሞተር ተጓዝኩ።

እርሻው

አበበች ለቃሚዎቹ በሚያድሩበት የቆርቆሮ ቤት ተኝታለች። በከምባትኛችን መጀመሪያ ያለችኝ «ደሙ አልቆመልኝም» ነው። ጤና ጣቢያ ሄዳለች፤ የሰጧት የትል መድኃኒት ትራሷ ስር አለ።

ጤና ጣቢያው አማርኛና የአገሬውን ካፊኖኖ ያውቃል፤ እሷ ሁለቱንም አታውቅም። ያስተረጎሙት አማቷ ጋሽ ኤርጃቦ ናቸው፤ የለቃሚዎቹ ካቦ ስለሆኑ አማርኛ ይችላሉ። በእኛ አገር ምራት የአማቷን ስም እንኳ አትጠራም፤ እንኳን ስለ ማህፀኗ ልታወራቸው! ፊቷን በነጠላ ሸፍና «ሆዴን» አለች። እሳቸውም «ሆዷን ነው» አሉ። በቃ፣ ታከመች።

ቦንጋ

መኪና ለምኜ ሆስፒታል አደረስኳት። አሁን የማስተረጉመው እኔ ነኝ። እሷ ተረፈች፤ ልጁ አልተረፈም። ነርሷ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብላ ተረተችብኝ። ኧረ ማን ደበቀ! የምትናገርበት አፍ የአማቷ ነበር።

ጋሽ ኤርጃቦን ከበር ውጪ ቆመው አገኘኋቸው። ልጮህባቸው ነበር የወጣሁት።

«ጤና ጣቢያ ደም ይፈሳታል ወይ ብለው ጠይቀውኝ ነበር» አሉ። «የለም አልኳቸው። የልጄ ሚስት ናት፤ እንዴት ብዬ ልጠይቃት?»

በሳቸው ብቻ ብፈርድ ደስ ባለኝ፤ ግን ከየአገሩ ለቃሚ በሚጎርፍበት ቦታ ለሴት የምታስተረጉም አንዲት ሴት ማቆም ያቃተውን ማንን ልክሰስ?

ዱራሜ

አበበችን ይዤ ተመለስኩ። ከጉዞው የተማርኩት፣ የሐኪም ቤት መኖር ብቻውን ሰው እንደማያድን ነው። ይሄንን ለጠያቂው ሁሉ እየተናገርኩ ሳለ አጎታችን ገብተው «ለመሆኑ ምንሽን ነው ያመመሽ ልጄ?» አሏት።

አበበች ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«ሆዴን» አለች።