ነርሷ ገንዘቡን ስትመልስ

አሁን፣ እዚሁ ሞያሌ፣ ኬንያ በኩል፣ ነርሷ ጉቦ አልቀበልም ስላለቻት አክስቴ የሆስፒታሉ ወለል ላይ ዘጭ አለች።

እህቴን ምጥ ጠንቶባት ከሄሉ ሰፈር በቦዳቦዳ ሞተር አመጣናት፤ ኦፕሬሽን ክፍል አስገቧት። አክስቴ ሽልንግ ጠቅልላ ነርሷን ልታስጨብጣት ስትል እጇን መለሰችባት።

"ሃፓና ማማ፣ አልቀበልም። ያለሱም እንረዳታለን።"

አክስቴ ፊቷ አመድ መሰለ። "ልጄ፣ ተስፋ ቢኖራትማ ይቀበሉ ነበር። አልቆላታል ማለት ነው።"

እዚህ ገጽ ላይ ጉቦ ይቁም እያልኩ የምጮኸው እኔ ራሴ፣ ነርሷን ተከትዬ "እባክሽ ተቀበይ" ልላት ምንም አልቀረኝም። (ሳቁብኝ፣ ግን በኋላ።)

በሩ አሁንም ዝግ ነው። አክስቴ ሽልንጉን እንደጨበጠች ነው።

በእናታችሁ ንገሩኝ፤ ገንዘባችሁን መልሰው፣ በሽተኛችሁንም በደህና የመለሱላችሁ አላችሁ?